ቁጭ ብድግ

«አንቺ ልጅ፣ አባትሽን የምታስነሺው አንቺ ከሆንሽ፣ እግሮቹ የማን ናቸው?»

ይህን ፊት ለፊት ያለችኝ ሀዊ የምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት። ቦታው ሰበታ፣ ከጅማው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ያለ ክሊኒክ ነው። እኔ በሰው ፊት መልስ የማጣ ሰው አይደለሁም። ያን ጊዜ ግን ሁለቱም እጆቼ በአባቴ ብብት ሥር ስለነበሩ አፌም አብሮ የተያዘ መሰለኝ። ከወንበሩ ላነሳው ጎንበስ ብያለሁ፤ እሱም እንደለመደው አንገቴን አቅፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «በኢየሱስ ስም» ብሎ ተዘጋጅቷል። እንደዚያው ግማሽ መንገድ ላይ፣ ብዙ ዘመን ተጠፋፍተው እንደተገናኙ ዘመዶች ተቃቅፈን ቀረን።

«ቀስ ብለሽ አስቀምጫቸውና ራቅ በይ» አለችኝ።

«ይወድቃላ።»

«ወድቀው ያውቃሉ?»

አሰብኩ። ወድቆ አያውቅም። ሁሌ ስለምይዘው ለመውደቅ እንኳ ዕድል አላገኘም።

ነገሩን ከመቀጠሌ በፊት ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ስሜ ትዕግሥት ነው፤ የሚያውቁኝ ሰዎች ስሜን ሲጠሩ ፈገግ ይላሉ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አላመጣሁም። ከዚያ ሰበታ ክር ፋብሪካ ገባሁ፣ ወጣሁ። ብስኩት ፋብሪካ ገባሁ፣ ወጣሁ። ቆርቆሮ የሚያመርቱ ዘንድ ገባሁ፣ ከዚያም ወጣሁ። ማንም አላባረረኝም። አንድ ቦታ ስቆይ እግሬን ይበላኛል፤ አለቃ ሲጮህብኝም መልሼ እጮሃለሁ። የምኖረው እዚያው ሰበታ አጠገብ፣ ዓለም ገና፣ ከአባቴ ጋር ነበር። እናቴ ካረፈች ቆይታለች። ወንድሜ በጅማ መስመር የጭነት መኪና ይነዳል፤ ከቤታችን በላይ ባለው አስፋልት ሲያልፍ ጡሩምባውን ያሰማናል፣ እኛም «ደህና ነው ማለት ነው» እንባባላለን።

በዚያው ሰሞን ሱሉልታ፣ የታሸገ ውሃ የሚያመርት ፋብሪካ ሥራ አገኘሁ። ለሠራተኛ መኝታ አለው። ሰኞ ጠዋት እንድገባ፣ ካልገባሁ ቦታው ለሌላ እንደሚሰጥ ተነገረኝ። ከዓለም ገና ሱሉልታ መሄድ ማለት አዲስ አበባን ከታች ገብቶ በላይ መውጣት ነው፤ በየቀኑ ተመላልሶ የሚሠራ አይደለም። ምግቡን የጎረቤታችን የኦቦ ገመቹ ባለቤት አዴ ጫልቱ «ለእኔ ተዪው» ብለውኛል። ግን አባቴን ከወንበር ማንሳት፣ ግቢው ጥግ እስካለው ሽንት ቤት ማድረስ ለማን ይተዋል? ትልቅ ሰው ነው፤ ያፍራል። ስለዚህ ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፤ አባቴ እስከ ሰኞ ጠዋት ብቻውን መነሳት ይችላል ወይስ አይችልም። ከቻለ እሄዳለሁ። ካልቻለ እቀራለሁ።

አባቴ ማቴዎስ ሴራሚክ አንጣፊ ነበር። በወጣትነቱ ከከምባታ መጥቶ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ሳሎንና የሰው መታጠቢያ ቤት በጉልበቱ ሲዞር ኖረ። ልጅ ሆኜ ሥራ ቦታ ይዞኝ የሄደ ቀን ትዝ ይለኛል። ሥራው ከውስጠኛው ግድግዳ ተነስቶ ወደ ኋላ ነው። ተንበርክኮ አንዷን ይለጥፋል፣ ትንሽ ወደ ኋላ ይላል፣ ሌላዋን ይለጥፋል። በሩ ጋ ሲደርስ ክፍሉ ያልቃል፣ እሱም ውጭ ይሆናል። የሠራውን ወለል ሳይረግጠው ይሄዳል። እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ ወለሉ እንደ ውሃ ወደ እኔ ሲመጣ፣ አባቴም ከፊቱ ከፊቱ ወደ ኋላ ሲንሳፈፍ አይ ነበር። አሁንም በሕልሜ የሚመጣው እንደዚያ ነው። ጀርባውን ሰጥቶኝ ነው፤ ግን አይርቅም፣ ይቀርባል።

ከሀዊ በፊት ራጁን ያየለት ሐኪም «ጉልበትዎ አልቋል» ብሎት ነበር። አማርኛችን ደግሞ ለመገጣጠሚያውም ለአቅሙም ያለው ቃል አንድ ነው። አባቴ ሁለቱንም ሰማ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ተቀመጠ።

«ያለቀ ነገር እንዴት ይሠራበታል?» አላት ሀዊን። «እኔ ወለል አውቃለሁ። በተረገጠ ቁጥር ያልቃል። የተረፈችኝን ልቆጥብ ብዬ ነው።»

«ወለል ሥጋ የለውም አባባ» አለችው። «የእርስዎ ጉልበት ግን ዙሪያውን ሥጋ አለው። ይኼ ጭንዎ ላይ ያለው ጡንቻ ነው ሸክሙን የሚያግዘው። ሲቀመጡ የሚሰንፈው እሱ ነው። እሱ ሲሰንፍ ሸክሙ መገጣጠሚያው ላይ ይወድቅና ያማል። ስላመመዎ ይቀመጣሉ፣ ስለተቀመጡ ይብሳል።» ትንሽ አሰበችና «ኦሮምኛ ይሰማሉ አይደል?» ብላ ጠየቀችው።

«ትንሽ ትንሽ።»

«በኛ ቋንቋ ይኼ መገጣጠሚያው ጅልባ ነው። አቅም ደግሞ ሁምና ነው፤ ስማቸው ለየብቻ ነው። ጅልባዎ ሳስቷል፣ አልዋሽዎትም። ሁምናዎ ግን አላለቀም። ተኝቷል።»

ከፍ ያለው የመመርመሪያ አልጋ ጫፍ ላይ አስቀመጠችው። እግሮቹን ወደ ኋላ ሳብ አስደረገችው፣ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣመረችለት፣ ከወገቡ ወደ ፊት ዘንበል እንዲል አሳየችው። «አሁን ይነሱ» አለችው። እኔ እጄን ዘርግቼ ነበር፤ በዓይኗ መለሰችኝ። አባቴ ተነሳ። ቆሞ ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ ተመለከተ፤ የሌላ ሰው ቁመት ያዋሱት ይመስል ነበር።

«አልጋው ከፍ ስላለ ነው» አለ።

«አዎ፣ ለዚያ ነው። ቤትም ወንበርዎ ላይ ጋቢ አጥፈው ከፍ ያድርጉት፤ እንዳይንሸራተት ግድግዳ ያስደግፉት። እያረፉ ጠዋትም ከሰዓትም ይሠራሉ። ትንሽ ቢያምዎ አይደንግጡ። ብሶበት ካደረ፣ ካበጠና ከጋለ ይቀንሱና ይምጡ። ጡንቻ ዛሬ ተሠርቶ ነገ አይመጣም፣ ሳምንታት ይፈልጋል። ፍርሃት ግን ቶሎ ሊሄድ ይችላል። ከባድ ነገር አይደለም አባባ፣ ቁጭ ብድግ ነው።»

የመጨረሻዋን ቃል ስትናገር የአባቴ ፊት ተዘጋ። በሚኒባስና በባጃጅ ቤት ገባን።

በማግስቱ ዓርብ ከጠዋት ጀምሮ ዘነበ። የዓለም ገና ክረምት ታውቁት እንደሆነ አላውቅም። ወጨጫ ተራራ ይጠፋል፣ ከዚያ አስፋልቱ ይጠፋል፣ ከዚያ የጎረቤት አጥር ይጠፋል፤ በመጨረሻ ቤታችሁ ብቻዋን ደመና ውስጥ እንደ ታንኳ የምትሄድ ይመስላችኋል። እኔ ወንበሩን ግድግዳ አስደግፌ፣ ጋቢውን አጥፌ፣ ሁሉን አዘጋጅቼ ቀረብኩት።

«አባዬ፣ እንጀምር።»

«ምኑን?»

«ቁጭ ብድጉን።»

«ምን አጠፋሁ?» አለኝ።

መጀመሪያ የቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ትምህርት ቤት የገባችሁ ሁሉ ቁጭ ብድግ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ያረፈደ፣ ያወራ፣ የቤት ሥራ ያልሠራ፣ ጆሮውን ይይዝና አስተማሪው በቃ እስኪል ይቀመጣል፣ ይነሳል። እኔም ስንቴ ተቀጥቻለሁ፤ እንዲያውም ለእኔ ጨዋታ ነበር።

«አባዬ፣ ይኼ እኮ ሕክምና ነው።»

«ስሙ ያው ነው።» ዓይኑን ዝናቡ ላይ አድርጎ እንዲህ አለኝ፤ «አገር ቤት ስማር አስተማሪው አንድ ነገር ጠየቀኝ። መልሱን አውቀዋለሁ፤ በከምባትኛ አውቀዋለሁ። በአማርኛ ማለት አቃተኝ። ሰነፍ ብሎ ሰልፍ ፊት አወጣኝ። ጆሮዬን ይዤ ቁጭ ብድግ፣ ቁጭ ብድግ። እህቶቼ እያዩ። ጓደኞቼ እየሳቁ። ከዚያን ቀን በኋላ እዚያ ትምህርት ቤት ተመልሼ አልገባሁም። በስተርጅና ደግሞ ልጄ ፊት ልቀጣ?»

ይህን ታሪክ ነግሮኝ አያውቅም ነበር። ትምህርት ያቆመው በችግር ይመስለኝ ነበር። ምን እንደምል ግራ ገባኝ፤ ግራ ሲገባኝ ደግሞ የሚወጣኝ ደረቅ ነገር ነው።

«እኔ ሰኞ እሄዳለሁ» አልኩት።

«ሂጂ።»

«አንተስ?»

«እኔ እቀመጣለሁ። ወንበር መች ይሄዳል?»

«ሽንትህንስ?»

«አፍሽን ያዢ» አለኝ፤ ዝናቡም በረታ። ቀኑ እንደዚያው አለቀ። ሲመሽ እንደ ወትሮው በብብቱ ገብቼ አነሳሁት። የሀዊ ጥያቄ ጆሮዬ ውስጥ እየጮኸ ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ዝናቡ አባርቶ ጭጋጉ ብቻ ቀረ። ለአባቴ ሻይ ቀድቼለት፣ ብርጭቆውን በሁለት እጁ አቅፎ ይሞቀው ነበር። እኔ ከበሩ አጠገብ ልብስ አጥፋለሁ። ሻንጣዬን መጀመሬን እንዳያይ እየደበቅሁ ነው፤ ለምን እንደደበቅሁት አላውቅም። የግቢው በር ተንኳኳና ኦቦ ገመቹ ከጭጋጉ ውስጥ ቀስ በቀስ ወጡ። መጀመሪያ ባርኔጣቸው፣ ከዚያ ዱላቸው፣ ከዚያ እሳቸው። ከአባቴ በዕድሜ ይበልጣሉ። ድሮ አካባቢው ሁሉ እርሻ በነበረበት ጊዜ መሬቱ የቤተሰባቸው ነበር ይባላል፤ አሁን የቀረቻቸው አንዲት ላምና የሁሉም ሰው አክብሮት ነው።

«አካም ጅርቱ» አሉ ደፉን እያለፉ።

አባቴም «ኖር» ብሎ ተነሳ።

አልኳችሁ፣ ተነሳ። ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ መቀመጫው ከጋቢው ተላቅቆ፣ ጀርባው ጎበጥ እንዳለ፣ ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ። ሻይዋን ግን አላፈሰሳትም። ሁለት እጁ ብርጭቆው ላይ ነበር። ወንበሩን አልያዘም፣ ግድግዳውን አልያዘም፣ እኔን አልያዘም። ሊቀና ትንሽ ቀርቶት ነበር።

«ሂንከኢን፣ ታኢ፣ ታኢ» አሉ ኦቦ ገመቹ፤ አትነሳ፣ ተቀመጥ ማለታቸው ነው። አባቴም ታዞ ተቀመጠ።

በእጄ የያዝኩት ቀሚስ ወለሉ ላይ ወደቀ። ሰው በሕልሙ መብረር ችሎ ሲነቃ የሚሰማው ዓይነት ነገር ተሰማኝ። አባቴ ራሱ የሆነውን አላስተዋለም። ሰው መጣ፣ ተነሳ፤ አለቀ። እንደዚያ ነው ያደገው። ትልቅ ሰው ሲገባ ተቀምጦ መጠበቅ በሱ ቤት ከበሽታም የባሰ ነው። ያስቀመጠው ሕመሙ ብቻ አይደለም፣ የሰው ደግነትም ነው። የገባ ሁሉ «አይነሱ»፣ «በሞቴ አይነሱ» ይለዋል፤ እሱም የሰው ቃል አክባሪ ነውና ይቀመጣል።

ኦቦ ገመቹ ሲወጡ ተከትያቸው ወጣሁና አጥሩ ጋ ያዝኳቸው።

«ኦቦ፣ ነገም ይምጡልኝ። ሲነሳልዎት ግን ተቀመጥ አይበሉት።»

«ምነው?»

ሀዊ ያለችውን ነገርኳቸው። ዱላቸውን ጭቃ ላይ ተክለው አዳመጡኝና ሳቅ አሉ።

«ጥጃ ሲወለድ አይተሻል? ይንገዳገዳል፣ ይወድቃል። እናቱ ትልሰዋለች እንጂ አታነሳውም። ሰው ነው እጁን ማሳረፍ የማይችል።» ከዚያ ቆጣ ብለው፣ «ግን አባትሽን ጥጃ አሉት ብለሽ እንዳታወሪብኝ» አሉኝ።

ከዚያ የእትዬ ብርቄን በር አንኳኳሁ። እትዬ ብርቄ አዲስ አበባ መሃል ይኖሩ የነበሩ፣ ቤታቸው ፈርሶ እዚህ ተከራይተው የገቡ እናት ናቸው። ከሁሉ የከበደኝ እሳቸውን ማስረዳት ነበር።

«ታዲያ ሲነሱልኝ ምን ልበል?»

«‹በእግዜር› ይበሉና ዝም።»

«ሰው እየተነሳልኝ ዝም? እኔ እኮ ሰው ያሳደገኝ ነኝ።»

«ለአንድ ቀን ያላሳደጉት ይሁኑልኝ።»

«አንቺ ባለጌ» አሉኝና ጉንጬን ቆነጠጡኝ። «እና ተነስተው ቢወድቁ? በእኔ እግር ተመካኝቶ?»

«ወንበሩ ከኋላው አለ። ተመልሶ ቁጭ ይላል እንጂ አይወድቅም።» 

ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ከጋሽ ዮሴፍም ጋር ተነጋገርኩ። ሁሉንም አንድ ነገር ለመንኳቸው፤ ተከታትላችሁ አትምጡ፣ አንዱ ከወጣ በኋላ ቆይቶ ሌላው ይግባ፣ እሱ ይረፍ። ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ለብሼ፣ በጭጋጉ ውስጥ ከአጥር ወደ አጥር ስዞር ዋልኩ። ያን ቅዳሜ ያየኝ ሰው ሠርግ የምጠራ መስሎት እንደሆነ አልፈርድበትም።

እሑድ ፀሐይ ወጣች። ክረምት ላይ አንዳንዴ እንደምትወጣው፣ ስስ፣ ወተት የተቀላቀለባት ዓይነት ፀሐይ። የአባቴን ወንበር ፊቱን ወደ በሩ አዞርኩት። እኔ ከጓዳው መጋረጃ አጠገብ ቆምኩና ሁለቱንም እጆቼን ሹራብ ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ይህን ያደረግሁት ራሴን ስለማላምን ነው።

መጀመሪያ የመጡት እትዬ ብርቄ ናቸው፣ ከቅዳሴ መልስ ነጠላቸውን እንዳጣፉ። አባቴ «ኖር» ብሎ ወደ ፊት ዘንበል አለ፣ ተላቀቀ፣ መሃል ላይ ቆም አለ። የለመደውን «አይነሱ» ሲጠብቅ አየሁት። እትዬ ብርቄ «በእግዜር» አሉና «አይ…» ብለው ጀመሩ። ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱት ማለት ይቻላል። ዓይናቸው ተንከራተተ፤ እኔን አዩ፣ ጣሪያውን አዩ። አባቴ መሃል ላይ ሆኖ የሚያስቀምጠው ሰው አጣ። እናም ያለው አማራጭ አንድ ብቻ ነበር፤ ቀና አለ።

ቆመ። እጁን ዘርግቶ እትዬ ብርቄን ጨበጣቸው። ኪሴ ውስጥ ጣቶቼ እርስ በርስ ተጣብቀው ነበር።

እትዬ ብርቄ ከተቀመጡ በኋላ አንድም ጨዋታ አልጨረሱም፤ ነጠላውን ከአፋቸው ሳያወጡ፣ «ደህና ነዎት፣ ደህና ነዎት» ብቻ ሲሉ ቆይተው ወጡ። «ምን ነካቸው?» አለኝ አባቴ። «ጥርሳቸውን አሟቸዋል» አልኩት።

ቀጥሎ ያልጠራሁት መጣ፤ የመዘምራኑ መሪ ታምራት። አባቴ እንደተቀመጠ እጁን ሰጠው። ታምራት ከሄደ በኋላ «ምነው አልተነሳህለትም?» ብዬ ጠየቅሁት። «ለሱ? ትላንት እዚህ ግቢ ሱሪውን እየያዘ ሲሮጥ የነበረ ልጅ ነው» አለኝ። ለካ መድኃኒቱ ለሁሉም አይሠራም፤ ሽበት ያለው እንግዳ ያስፈልጋል።

ጋሽ ዮሴፍ ሲመጡ ሙሉ ልብስ ለብሰው ነበር። አባቴ እንደ ቅድሙ መሃል ላይ አልቆመም። ሲቀመጥም እንደ ጆንያ ዘፍ አላለም፤ ቀስ ብሎ ወረደ። ጋሽ ዮሴፍ ጸለዩለት፤ ስለ ጉልበቱ ግን አንዲት ቃል አላነሱም። ሲወጡ በሩ ላይ በዓይናቸው ጠቀስ አደረጉኝ። ከዚያ ፀሐይዋ ወለሉ ላይ ቦታዋን እየለወጠች፣ አባቴ እያረፈ፣ ጉልበቱን በመዳፉ እያሻሸ፣ ከሰዓት ሆነ። አዴ ጫልቱ እርጎ ይዘው መጡ፤ ተነሳ። ሁሉም ነገር የዘገየ ይመስል ነበር። ሰዎቹ ከብርሃኑ እየወጡ ይገባሉ፣ አባቴ ከወንበሩ እንደ ጭስ ከፍ ይላል፣ «በእግዜር» ይባላል፣ ጸጥታ። የማየው ነቅቼ ይሁን ተኝቼ እርግጠኛ አልነበርኩም።

በመጨረሻ ኦቦ ገመቹ ገቡ። አባቴ ቆሞ ተቀበላቸው፤ ቆሞ ቀረ።

«አይቀመጡም ኦቦ?» አላቸው።

«አንተ መጀመሪያ።»

«እርስዎ እያሉ?»

እንግዲህ ሁለት አክባሪ ሽማግሌዎች ተገናኝተው ማን ይቀመጥ ሲባባሉ አስቡት። በመጨረሻ የኦቦ እግር ነው የደከመው።

ኦቦ ገመቹ ከሄዱ በኋላ ፀሐይዋ መውረድ ስትጀምር አባቴ ጠራኝ።

«ትዕግሥት፣ ነይ እዚህ። እነዚህን ሰዎች አንቺ ነሽ የላክሻቸው?»

እኔ ብዙ ነገር እችላለሁ፣ መዋሸት ላይ ግን ደካማ ነኝ። የእትዬ ብርቄ ጥርስ ራሱ ከብዶኝ ነበር።

«አዎ።»

«እንግዲያው ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብድግ ስታሠሪኝ ዋልሽ።»

«እኔ አላሠራሁህም። ሰው አክብረህ ነው የተነሳኸው።»

ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ ትምህርት ቤቱ፣ ሰልፉ፣ እህቶቹ ሁሉ ቤቱ ውስጥ የቆሙ መሰለኝ። አባቴ ግን እጆቹን አንስቶ እያገላበጠ ተመለከታቸው፣ የሲሚንቶ ጠባሳ ያለባቸውን እጆች።

«ጆሮዬን ግን አልያዝኩም» አለ።

«አልያዝክም።»

«ስንት ሰው ፊት ተነሳሁ፣ አንድም የሳቀ የለም።»

«የለም አባዬ።»

ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና የምፈራውን ጠየቀኝ። «ማንም ሳይመጣስ? ነገ ጠዋት በሩን የሚከፍት ሰው ሳይኖር ለማን ነው የምነሳው?»

ሻይ ልቀዳለት ወደ ጓዳ ገባሁ።  ለራሴ የወሰንኩት ግን ይህን ነበር፤ ጠዋት ብቻውን ከተነሳ እሄዳለሁ፣ ካልተነሳ ሻንጣዬን እፈታለሁ፣ ስለ ሱሉልታም ዳግመኛ አላነሳም። ይህን አልነገርኩትም። ብነግረው ለእኔ ብሎ ይነሳ ነበር፤ ለእኔ ብሎ እንዲነሳ ደግሞ አልፈለግሁም።

ሰኞ ጠዋት ላይ ከመድረሴ በፊት ለእናንተ ለምታነቡት የምለው አለኝ። የአባቴ ጉልበት አልዳነም። ሀዊም ይድናል አላለችም። ብርድ ሲሆን ይጠዘጥዘዋል፣ ደረጃ ሲያይ ፊቱን ያጨማድዳል። ከዚያ በኋላም ወደ ሀዊ እየተመላለሰ እግር ማንሳቱንም፣ በእግር መሄዱንም ተምሯል፤ የጭኑ ጡንቻ የመጣው በወራት እንጂ በዚያች እሑድ አይደለም። እሑድ የሆነው ሌላ ነገር ነው። አንድ ሰው የራሱ የሆነ አቅም እንዳለው ሳያውቅ ብዙ ሰው መሃል ተቀምጦ ነበር፤ ያን ቀን አወቀ።

እኔም ተለወጥኩ፣ ትንሽ። ድሮ መርዳት ማለት እጅ መዘርጋት ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሱሉልታ ውስጥ አዲስ ልጅ መጥታ ማሽኑ ሲያስቸግራት መጀመሪያ የማደርገው እጄን ኪሴ መክተት ነው። ልጆቹ «ትዕግሥት ክፉ ናት» ይሉኛል፤ ይበሉኝ። እናንተም ቤት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ካለ፣ ልትጠይቁት ስትገቡ ሊነሳላችሁ ሲሞክር፣ ያቺ ደግ ቃል ከአፋችሁ ከመውጣቷ በፊት እስቲ ትንሽ ታገሡ። ነጠላ ካላችሁ ነጠላችሁን ንከሱ። እሱ ቢያቅተው ይቀመጣል፣ ወንበሩ እዚያው ነው። ካልሆነማ አክብሮታችን ስንቱን አስቀምጦት ይሆን?

ሰኞ የነቃሁት አርፍጄ ነው። መስኮቱ ነጭ ነበር፤ ጭጋጉ ተመልሶ ቤቱን ውጦታል። ሕልም እያየሁ ነበር፤ ምን እንደሆነ ጠፋብኝ፣ ብቻ ወለል ነበረበት። ተነስቼ የጓዳውን መጋረጃ ገለጥኩ። የአባቴ አልጋ ባዶ ነው። ወንበሩም ባዶ ነው። ጋቢው እንደታጠፈ፣ መሃሉ የሰው ቅርጽ ይዞ ተጎድጉዷል። መዳፌን አሳረፍኩበት፤ ይሞቃል።

በሩ ገርበብ ብሏል። በባዶ እግሬ ወጣሁ። ግቢው ውስጥ ከክንዴ ርቀት በላይ አይታይም። እርጥቡ መሬት ላይ የአባቴ ጫማ ፈለግ ነበር፣ አንዱ ቀጥ ያለ፣ አንዱ ትንሽ የተጎተተ። ፈለጉን ተከትዬ እስከ ግቢው ጥግ ሄድኩ። የሽንት ቤቱ ቆርቆሮ በር ከውስጥ ተዘግቷል። ከበስተጀርባው ሳል ተሰማ።

«አባዬ?»

«አቤት።»

«ማን አመጣህ?»

«ማን ያመጣኛል? ሽንቴ መጣ፣ ተነሳሁ።»

በሩ ላይ እጄን አሳረፍኩ። ቆርቆሮው ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር።

«ስትመለስ ልያዝህ?»

«ትዕግሥት።»

«አቤት።»

«ሰው ሽንት ቤት ሆኖ በሩ ላይ ተቁሞ ወሬ አይወራም። ሚኒባሱ ያመልጥሻል።»

«ልሂድ እንግዲህ?»

ከላይ፣ ከማይታየው አስፋልት፣ «አየር ጤና፣ አየር ጤና» የሚል የረዳት ድምፅ መጣ።

«ጌታ ይከተልሽ» አለኝ ከውስጥ። «የግቢውን በር ዝጊው፣ የኦቦ ላም እንዳትገባ።»

ገብቼ ጫማዬን አደረግሁ፣ ሻንጣዬን አነሳሁ፣ የግቢውን በር ዘጋሁና ወደ አስፋልቱ ወጣሁ።